ሩት ነጋን ያበቃት መድረኩ ነው ወይስ ካሜራው? ለአንዲት የድሬዳዋ ተማሪ የምሰጠውን ምክር በተመለከተ

የከዚራ መምህርት (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከመደበኛው ሥራዬ ጎን ለጎንም የትምህርት ቤቱን የቴአትር ክበብ አስተባብራለሁ። ከክበቡ አባላት መካከል ቃለ ተውኔቱን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነበው እንኳ ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለች። ተሰጥኦዋን የሚጠራጠር የለም፤ እኔንና እርሷን ያላስማማን ነገር ተሰጥኦዋን የት ታሳድገው የሚለው ነው። እርሷ በቀጥታ ወደ ፊልምና ወደ ተከታታይ ድራማ መግባት ትሻለች፤ በመድረክ ጥናት የሚያልፈውን ጊዜ እንደ ብክነት ትቆጥረዋለች። ለዚህም በማስረጃነት የምትጠቅሰው ሩት ነጋን ነው፤ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደችው ይህች ተዋናይት በዓለም ላይ ስሟ የገነነው በፊልም እንጂ በቴአትር አይደለም ትለኛለች።

እኔ የዚህችን ተዋናይት የሥራ ሕይወት በምችለው መጠን ስከታተል የተረዳሁት ከዚህ የተለየ ነው። ሆኖም ስለ ደብሊንና ስለ ለንደን ቴአትር የማውቀው እዚህም እዚያም ካነበብኩት የተለቀመ በመሆኑ፣ ልጅቷን በመምህርነት ሥልጣኔ ሳይሆን በማስረጃ ለማሳመን የእናንተን እርዳታ እሻለሁ። በመድረክ ላይ ከሠራቻቸው ሥራዎች ክብደት የሚሰጣቸው የትኞቹ ናቸው? ከመድረክ ያገኘችውስ ነገር በካሜራ ፊት በምን ይታወቃል? በተለይም በ2017 ለኦስካር ሽልማት ከታጨች በኋላ፣ የፊልሙ በር ወለል ብሎ በተከፈተላት ሰዓት፣ ወደ ቴአትር መመለሷ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ለማመሳከር ይመቸኛል።

የሸንኮሩ ተመልካች (ሐረር)

የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ በእኛ አካባቢ ስለ አንድ ተዋናይ የሥራ አካሄድ እንዲህ በጥሞና የሚጠይቅ ሰው አዘውትሮ አይገኝምና።

ተማሪዎ ታሪኩን ያነሣችው ከመጨረሻው ነው። ሩት ነጋ እስከ አራት ዓመቷ በአዲስ አበባ ከቆየች በኋላ ወደ አየርላንድ ሄዳ በሊመሪክ አደገች። አባቷ ሐኪም ነበሩ፤ ሰባት ዓመት ሲሆናት በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ትወናን የተማረችው በደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ በሳሙኤል ቤኬት ማእከል ሲሆን፣ ትምህርቱም በዲግሪ የሚያስመርቅ እንጂ በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ተዋናይ አድርጎ የሚያወጣ አልነበረም። ከዚያ እንደወጣች ስሟን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ ፊልም ሳይሆን ‹ዳክ› የተባለው የስቴላ ፊሊ ተውኔት ነው። ተውኔቱ በ2003 በአውት ኦፍ ጆይንት የቴአትር ቡድን ተዘጋጅቶ በለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትርም ታይቷል፤ እርሷም በዚህ ሥራዋ በእንግሊዝ መድረክ ከፍተኛ በሚባለው የኦሊቪዬ ሽልማት ተስፋ ከተጣለባቸው አዳዲስ ተዋንያን መካከል ለመታጨት በቅታለች። ሮያል ኮርት ለእኛም ባዕድ ቤት አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በወጣትነቱ ስለ ዘመናዊ ቴአትር ለመማር ከተላከባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ የፊልም ዕድል የመጣላት ከዚህ በኋላ ነው። አየርላንዳዊው ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን በ2005 ለወጣው ፊልሙ ተዋንያን ሲመርጥ በእርሷ ፈተና እጅግ በመደነቁ፣ ሚናውን እርሷ እንድትጫወተው ሲል የፊልሙን ጽሑፍ እስከ መቀየር ደርሷል። ተማሪዎ እዚህ ነጥብ ላይ ረጋ ብላ እንድታስብ እመክራለሁ፤ አንድ ስመ ጥር ዳይሬክተር ለአንዲት ጀማሪ ብሎ የጻፈውን የሚለውጠው በፊቷ መልክ ብቻ ተማርኮ ሊሆን አይችልም፤ ወደ ፈተናው ክፍል የገባችው በመድረክ የተገራ ድምፅና አካል ይዛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ከ2009 እስከ 2011 ያለው ጊዜ ነው። በ2009 በለንደኑ ናሽናል ቴአትር፣ ሄለን ሚረን መሪ ሆና በተጫወተችበት የፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት የራሲን ‹ፌድር› ውስጥ አሪሲያ የተባለችውን ምርኮኛ ልዕልት ተጫወተች። ይኸው ሥራ በግሪክ አገር በሚገኘው ጥንታዊው የኤጲዳውሮስ ቴአትርም ታይቷል፤ ያ ስፍራ ሰማይ ጣሪያው የሆነ፣ በሺህ ለሚቆጠር ተመልካች ድምፅን ማድረስ የሚጠይቅ የድንጋይ መድረክ ነው። በ2010 በዚያው በናሽናል ቴአትር በኒኮላስ ሃይትነር አዘጋጅነት፣ ሮሪ ኪኒር ሐምሌትን ሲጫወት እርሷ ኦፊሊያን ተጫወተች። በ2011 ደግሞ በኦልድ ቪክ ቴአትር በአየርላንዳዊው ጆን ሚሊንግተን ሲንግ ‹ዘ ፕሌይቦይ ኦፍ ዘ ዌስተርን ወርልድ› በተሰኘው ተውኔት ውስጥ የፔጊን ማይክን ሚና ወሰደች። ይህ ተውኔት በ1907 በደብሊኑ አቢ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተመልካቹን አስቆጥቶ ሁከት ያስነሣ፣ አየርላንዳውያን ግን ዛሬ ከቅርሶቻቸው እንደ አንዱ የሚቆጥሩት ነው፤ የአየርላንድ ተዋናይት ሆኖ ፔጊንን መጫወትም ከቀደሙት ታላላቅ ተዋናይቶች ጋር መነጻጸርን መቀበል ማለት ነው። በሦስት ተከታታይ ዓመታት ራሲንን፣ ሼክስፒርንና ሲንግን በለንደን ታላላቅ መድረኮች የተጫወተች ሰው መድረክን እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ተጠቅማበታለች ለማለት እጅግ ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የ2009 ‹ፌድር› ናሽናል ቴአትር በቀጥታ ሥርጭት ወደ ሲኒማ ቤቶች ለማስተላለፍ የመረጠው የመጀመሪያ ተውኔት ነበር። ስለዚህ ሩት ነጋ በአንድ ምሽት ፊት ለፊቷ ለተቀመጠው ታዳሚም፣ በሌላ ከተማ ሲኒማ ቤት ለተቀመጠውም ትጫወት ነበር። ተማሪዎ መድረክና ካሜራ ሁለት የማይገናኙ ዓለማት እንደሆኑ ካሰበች ይህን ይንገሯት።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)

መምህርት ሆይ፣ የሐረሩ ወንድማችን የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጅቷም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችምና ሚዛኑ እንዳይዛባ እሰጋለሁ። እኔ በሠርግና በማስታወቂያ ቀረጻ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የካሜራን ሥራ ዝቅ አድርጎ ማየት ያሳዝነኛል።

ሩት ነጋ ኦፊሊያን በተጫወተችበት በዚያው ዘመን በአየርላንድ ቴሌቪዥን ‹ላቭ ሄት› በተሰኘው የደብሊን ወንጀለኞች ድራማ ውስጥ ሮዚ የተባለችውን ሴት፣ በእንግሊዝ ደግሞ ‹ሚስፊትስ› በተባለው ተከታታይ ውስጥ ሌላ ሚና ትጫወት ነበር። በ2011 ቢቢሲ ስለ ዘፋኟ ሸርሊ ባሲ ባቀረበው ፊልም መሪዋን ሚና ወስዳ በአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። ከዚያም አሜሪካ ተሻግራ ከ2013 ጀምሮ በማርቭል ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሬና የተባለችውን ገጸ ባሕርይ፣ ከ2016 እስከ 2019 ደግሞ በ‹ፕሪቸር› አራቱም ምዕራፎች ውስጥ ቱሊፕ ኦሄርን ተጫውታለች። ቱሊፕ ድራማው በተመሠረተበት የሥዕል መጽሐፍ ላይ ፀጉረ ወርቃማ ነጭ ሴት ነበረች፤ ሚናው ለሩት ነጋ መሰጠቱ ራሱ በቴሌቪዥን ሥራዎቿ ያገኘችውን አመኔታ ያሳያል። እንግዲህ እነዚህ ዓመታት የተገፉት በካሜራ ፊት ነው፤ የተዋናይ እንጀራም ባብዛኛው የሚጋገረው እዚያ ነው። ልጅቷ መድረክን እንድትወድድ ማድረግ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የፊልም ፍላጎቷን እንደ ድክመት እንዳትቆጥረው ቃላችሁን መርጣችሁ ንገሯት።

የፈረስ መጋላ ልጅ (ሐረር)

እህቴ መምህርት፣ ለረጅም ጊዜ በሬዲዮ ድራማ ተሳታፊ ስለነበርኩ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከመድረክ ያገኘችው ነገር በካሜራ ፊት በምን ይታወቃል ብለሻልና።

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በዝምታዋ ነው። በ2016 በጄፍ ኒኮልስ የተዘጋጀው፣ ለኦስካር ያሳጫት ‹ላቪንግ› የተባለው ፊልም በቨርጂኒያ የነበሩ የሚልድሬድና የሪቻርድ ላቪንግ የተባሉ ባልና ሚስት እውነተኛ ታሪክ ነው። እርሷ ጥቁር፣ እርሱ ነጭ በመሆናቸው በ1958 በዋሽንግተን ያሰሩት ጋብቻ በቨርጂኒያ እንደ ወንጀል ተቆጥሮ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ እንዳይፈጸም ደግሞ ለ25 ዓመት ግዛቱን ለቅቀው እንዲኖሩ ተደረገ። ጉዳያቸው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 1967 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱላቸው፤ የተለያየ ዘር ጋብቻን የሚከለክሉት ሕጎችም በመላው አሜሪካ ፈረሱ። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲገኝ ብዙ ተዋናይ የሚመኘው የፍርድ ቤት ንግግርና ልቅሶ ነው። ሩት ነጋ ግን ሚልድሬድን የተጫወተቻት ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ቀና በማለት፣ ለመናገር አፏን ከፍታ በመተው፣ ስልክ ይዛ የጠበቃውን ቃል በማዳመጥ ነው። ማዳመጥ ደግሞ የመድረክ ትምህርት ነው። በመድረክ ላይ ሌላው ተዋናይ ሲናገር አንቺን ትቶ ወደ እርሱ የሚዞር ካሜራ የለም፤ ተራሽ እስኪደርስ ድረስ ዝም ብለሽ ሕይወት ያለሽ ሆነሽ መታየት አለብሽ። ይህን ያልተማረ ተዋናይ በፊልም ላይ የራሱ ቃለ ተውኔት እንዳለቀ ፊቱ ባዶ ይሆናል፤ እኛ አገር ተከታታይ ድራማ ስመለከት ዘወትር የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ሌላው ድምፅ ነው። የሊመሪክ ልጅ ሸርሊ ባሲን ለመሆን የካርዲፍን አነጋገር፣ ሚልድሬድን ለመሆን የቨርጂኒያ ገጠርን ለስላሳ አነጋገር መያዝ ነበረባት። ‹ላቪንግ› በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ‹ፕሪቸር› በቴሌቪዥን የጀመረው በአንድ ወር፣ በሜይ 2016 ነው፤ በዚያ ወር ሁለቱንም ያየ ሰው የምትደባደበዋንና የምትጮኸዋን ቱሊፕንና ይህችን ዝምተኛ ሴት የተጫወተችው አንዲት ተዋናይት መሆኗን ለማመን ይቸገር ነበር። በ2021 በወጣው፣ ሬቤካ ሆል ባዘጋጀችው ‹ፓሲንግ› ደግሞ ራሷን ነጭ አስመስላ የምትኖረውን ክሌር ኬንድሪን ሆና ቀርባለች። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው፤ ክሌር ሳቋ እንኳ የተጠና ሴት ናትና፣ በሕይወቷ ሙሉ ስትተውን የምትኖር ሰውን መተወን ማለት ነው። በዚህ ሥራዋ የኢንዲፔንደንት ስፒሪት ሽልማትን በረዳት ተዋናይትነት ወስዳለች፤ ለእንግሊዙ የፊልም ሽልማት ለባፍታም ታጭታለች።

ይህን የምልሽ ለተማሪሽ ስለሚጠቅማት ነው። የድሬ ልጅ ከከዚራ ወደ መጋላ ሲሻገር አማርኛውን ትቶ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ይናገራል፤ ከቋንቋው ጋር የእጁም እንቅስቃሴ፣ የድምፁም ከፍታ ይለወጣል። ይህ ጆሮ በትምህርት የሚገኝ ብቻ አይደለም፤ አብሯት ያደገ ሀብት ነው። እንዴት እንደምትሰማ ልብ እንድትል፣ የምትሰማውንም ሆን ብላ እንድታጠናው አድርጊያት።

የከዚራ መምህርት (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለልጅቷ አሳየኋት፤ በተለይ ስለ ማዳመጥ የተጻፈውን ደጋግማ አነበበችው። ሳቢያን እንዳሉትም የፊልም ፍላጎቷን ዳግመኛ እንደ ድክመት አላነሣባትም። አሁን ግን አዲስ ጥያቄ ይዛ መጥታለች። ሩት ነጋ በደብሊን ሐምሌትን ራሱን፣ ልዑሉን ሆና መጫወቷን አንብባ፣ እኛም በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አንድ ትዕይንት እንድናዘጋጅና የሐምሌትን ሚና ለእርሷ እንድሰጣት ትጠይቀኛለች። ከክበቡ ልጆች አንዳንዶቹ የወንድ ሚና ለሴት መስጠት የተመልካችን ዓይን ለመሳብ ብቻ የሚደረግ ነው ይላሉ። የሐረሩ ወንድማችን የሸንኮሩ ተመልካች ስለዚያ ዝግጅት የሚያውቁት ካለ ቢያካፍሉን?

የሸንኮሩ ተመልካች (ሐረር)

መምህርት፣ ይህ ጥያቄ ቀድሞ መነሣት የሚገባው ነበር፤ በእኔ ግምት የሩት ነጋ የሥራ ሕይወት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በዚህ ዝግጅት ነውና።

ዝግጅቱ በ2018 በደብሊኑ ጌት ቴአትር የቀረበ ሲሆን፣ አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካዊቷ ያኤል ፋርበር ናት። ጌት በ1928 የተመሠረተ፣ ከአቢ ቴአትር ጋር በአየርላንድ መድረክ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን የሚጠራ ቤት ነው። ልብ ማለት የሚገባው ሐምሌት በዚያ ዝግጅት ወደ ልዕልትነት አልተለወጠም፤ ልዑል እንደሆነ ነው የቆየው፣ ሩት ነጋም የተጫወተችው ወንዱን ሐምሌት ነው። ይህ ደግሞ ከእርሷ የተጀመረ አይደለም። ፈረንሳዊቷ ሣራ በርናርት በ1899 ሐምሌትን በመድረክ ተጫውታ በቀጣዩ ዓመት የፍልሚያው ትዕይንት በፊልም ተቀርጾላታል፤ ታላቋ አየርላንዳዊት ተዋናይት ሲቮን ማኬናም በ1957 በኒው ዮርክ ሞክራዋለች። ስለዚህ ለክበቡ ልጆች ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመድረክ ልማድ መሆኑን በልበ ሙሉነት መንገር ይችላሉ።

እኔን የሚመስጠኝ ግን ከሴትና ከወንድ ጉዳይ ይልቅ ሌላ ነው። በ2010 ኦፊሊያን ሆና የሐምሌትን ስድብ በየምሽቱ የተቀበለችው ተዋናይት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ትዕይንት ውስጥ ስድቡን ከሚሰነዝረው ሰው ወገን ቆማለች። ቃሉ በሰሚው ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድማ በገዛ ሰውነቷ ታውቀዋለች። ለአንድ ሚና ከዚህ የጠለቀ ዝግጅት ምን ሊኖር እንደሚችል አላውቅም፤ ይህንንም የሚሰጥ መድረክ ብቻ ነው፤ ፊልም አንድ ጊዜ ተቀርጾ ሲያበቃ፣ ተውኔት ግን በየዘመኑ ተመልሶ ይመጣል፣ ተዋናዩም በሌላ ዕድሜና በሌላ ሚና ያገኘዋል። ዝግጅቱ በ2020 መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በብሩክሊን ሴንት አንስ ዌርሃውስ ታይቷል፤ ከተማዋ ቴአትሮቿን በወረርሽኙ ምክንያት የዘጋችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቴአትሮቹ ከተከፈቱ በኋላም በ2022 በብሮድዌይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር በ‹ማክቤዝ› እመቤት ማክቤዝን ተጫውታ ለአሜሪካው የቴአትር ሽልማት ለቶኒ ታጭታለች። ከዚያ ደግሞ በ2024 ወደ ቴሌቪዥን ተመልሳ በ‹ፕሪዚዩምድ ኢኖሰንት› ባሏ በነፍስ ግድያ የተከሰሰባትን ሴት ሆና ስትቀርብ፣ በቀጣዩ ዓመት ለአሜሪካው የቴሌቪዥን ሽልማት ለኤሚ ታጨች። ሳቢያን ወዳሉት ሚዛን የሚያመጣን ይኸው መመላለሷ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መመለሷ ወደ መድረክ ሲሆን ሚናው እየከበደ እንጂ እየቀለለ አለመሄዱን ተማሪዎ ታስተውል።

ስለ ትዕይንቱ ምርጫ፣ በሦስተኛው ገቢር የሐምሌትና የኦፊሊያ መጋጠሚያ ለክበብ የሚስማማ ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል፣ ጌጥም አይጠይቅም። ሆኖም ልጅቷ የሐምሌትን ቃል ከመያዟ በፊት ኦፊሊያን አጥንታ በጓደኞቿ ፊት ትጫወት፤ ሐምሌትን ከዚያ በኋላ ይስጧት። ኦፊሊያን የሚተካ ወንድ ልጅ ከክበቡ ቢገኝም እኔ አልቃወምም፤ በሼክስፒር ዘመን የሴት ሚናዎችን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ።

ሳቢያን (ድሬዳዋ)

በዚህ እስማማለሁ። ትዕይንቱ ሲደርስ ካሜራ ይዤ እመጣለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም። መጀመሪያ ከአዳራሹ ጀርባ ሙሉውን መድረክ እቀርጻለሁ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ቃለ ተውኔት ፊቷ ላይ ተጠግቼ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንድትናገረው አደርጋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው በአዳራሽ የሠራላት የቱ እንደሆነ፣ በቅርብ ቀረጻ የበዛባትም የቱ እንደሆነ ራሷ ትለየዋለች። አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ብርሃን ካለው ተጨማሪ መብራት አያስፈልገንም፤ የጥናቱን ቀን ብቻ አሳውቁኝ።